የጭንቅ ሽያጭ

ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ቪላ ከሰፈሩ ዋጋ ወርዶ ለገበያ ሲወጣ ደላላው ስለ ግቢው ስፋትና ስለ ሳር ቤት ቅርበት ብዙ ያወራል። ባለቤቱ ለምን እንደቸኮለ ግን ካልጠየቁት አያነሳም፤ ሲጠየቅም «ውጭ ሊሄዱ ነው» የምትለው መልስ አትጠፋም። እንዲህ ያለውን ቤት የእንግሊዝኛው ገበያ «ዲስትረስድ ፕሮፐርቲ» ይለዋል፤ ዕዳ፣ ፍቺ ወይም የውርስ ክርክር ባለቤቱን አጣድፎት ከሚያወጣው ዋጋ በታች የሚሸጥ ንብረት ማለት ነው። «የተጎዳ ንብረት» ብንለው ጣሪያው የሚያፈስ ይመስላል። ቤቱ ደህና ሊሆን ይችላል፤ የተጨነቀው ሰውየው ነው። ስለዚህ እዚህ «የጭንቅ ሽያጭ» ብለነዋል።

በይፋ የሚታወቀው የጭንቅ ሽያጭ የባንክ ሐራጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ በመያዣ ውሉ ላይ ከተስማሙ፣ ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን መሸጥ ይችላል። ተጫራች አብዛኛውን ጊዜ የመነሻውን ዋጋ ሩብ በሲፒኦ ያስይዛል፤ አሸንፎ ቀሪውን በ15 ቀን ካልከፈለ ያስያዘው ገንዘብ ይቀርበታል። በብድር ሊከፍል ላሰበ ሰው 15 ቀን ምንም ማለት አይደለም። ከዚያ የማስታወቂያው የመጨረሻ መስመሮች አሉ፦ የስም ማዘዋወሪያውን ብቻ ሳይሆን ከሽያጩ የሚፈለገውን ግብርም ብዙ ጊዜ በገዢው ላይ ይጥሉታል። የቀድሞው ባለቤት ወይም ተከራይ አልወጣም ካለ ደግሞ ርክክቡ ራሱ ክርክር ይሆናል።

እንዲያም ሆኖ ከጓዳ ሽያጩ ሐራጁን እመርጣለሁ። በሐራጅ ዕዳው ፊት ለፊት ተጽፏል። አደገኛው ሐራጁ ሳይደርስ፣ ባለዕዳው በደላላ በኩል «ቶሎ እንጨርስ» የሚልበት ነው። በባንክ የተያዘ ቤት ባለቤት ቢቀይርም መያዣው አብሮት ይሄዳል፤ ገዢው ለሻጩ ሙሉ ዋጋ ከፍሎም ባንኩ ቤቱን ሊሸጥበት ይችላል።

ለዚህ መድኃኒቱ «ከዕዳና እገዳ ነፃ» የሚለው ማረጋገጫ ይመስላል። ግን ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ተመዘገበው ብቻ፣ ያውም ስለ ወጣበት ቀን ነው፤ የፍርድ ቤት እገዳ በማግስቱ ሊመጣ ይችላል። ያልተመዘገበች ሚስትም እዚያ ላይ አትታይም። ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም ቤቱ የጋራ ከሆነ፣ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩን ካወቀ ጀምሮ በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። የውርስ ቤት ሲሆን ደግሞ ከወራሾቹ አንዱ ዋሽንግተን፣ ሌላው ጎንደር ሊሆን ይችላል፤ የፈረመው ግን አንዱ ብቻ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ በውክልና መግዛት ነው። ስሙ መዛወር ባልቻለበት ቤት፣ ለምሳሌ የ5 ዓመት የሽያጭ ገደቡን ባልጨረሰ ኮንዶሚኒየም፣ ሻጩ ሽያጭ ሳይሆን ውክልና ይፈርማል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልና በመርህ ደረጃ ይሻራል፤ ወካዩ ሲሞትም ይቋረጣል። ያኔ ገዢው የሚከራከረው ጭራሽ ካላያቸው ወራሾች ጋር ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ፊት ይደረግ የሚባለውም በከንቱ አይደለም።

የቀብድ ነገርም አለ። ሕጉ ቀብድ ሰጪው ከሸሸ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከሸሸ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ለገዢው ጥሩ ዋስትና ይመስላል፤ ባንክ የሚያሳድደው ሰው ግን እንኳን እጥፉን ዋናውንም በልቶታል። የተያዘ ቤት ለመግዛት የቆረጠ ሰው መጀመሪያ ባንኩ የቀረውን ዕዳ በደብዳቤ እንዲያሳውቀው ያድርግ። ሦስቱ ወገኖች ተስማምተው ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ብድር ሂሳቡ ይግባ፤ ባንኩም ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ የመያዣ መሰረዣ ይጻፍ። ለሻጩ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ የተረፈው ነው። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ያልተናገረው ሌላ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል።