አንበሳ (ሐውልት)

አንበሳ፦ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» በሚለው የነገሥታት ማዕርግ የታወቀ፣ ምሥጢሩም ከኦሪት ዘፍጥረትና ከራእየ ዮሐንስ የተቀዳ፣ የኢትዮጵያ ንጉሣዊ መንግሥት ትእምርት ነበር። ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በመጀመሪያ፣ በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ፣ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ25 ዓመት የንግሥ ኢዮቤልዩ ከድንጋይ የቀረፀውን፣ ቀጥሎም በለገሃር፣ በ1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ዋዜማ የተመረቀውን፣ ዘውድ የደፋውን የወርቅ ቅብ አንበሳ ያገኛል። በቻይና ግን የደጅ ጠባቂ አንበሶች በቤተ መንግሥትና በመቅደስ በር ግራና ቀኝ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ፤ ተባዕቱ ኳስ፣ እንስቲቱ ደቦሏን በመዳፍ ይጫናሉ፤ ይኸውም ያንግና ዪን የተባሉትን ተቃራኒም ተደጋጋፊም ኃይላት ያመለክታል። የለገሃሩ አንበሳ ግን እንደ ቻይናዎቹ ጥንድ ሳይሆን ብቻውን ነው፤ በፋሺስት ወረራ ዘመን ወደ ሮም ተግዞ፣ በኋላ ወደ ስፍራው ተመልሷል።