«እንኳን ማርያም ማረችሽ»፤ ደመወዙንስ ማን ከፈለ?

አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ገና ከደጃፉ የምንለው ነገር አለ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ገንፎው እስኪቀርብ ስለ ቃሉ ማን ያስባል? ማረችሽ ማለት ግን ከሞት ተረፍሽ ማለት ነው። አያቶቻችን ወሊድን እንዲህ የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ እስቲ በሌላ በኩል እንየው፤ ለገጠሯ እናትና ለልጇ ጤና ገንዘቡን ሲያወጣ የኖረው ማን ነው? (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተከተሉኝ።)

በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያዎች መላክ ጀመረ። ሐሳቡ ሸጋ ነበር። ችግሩ ጤና ጣቢያው ጥቂት፣ አገሩ ሰፊ መሆኑ ነው።

ደርግ መጣ። በ1978 የዓለም መንግሥታት አልማ አታ ላይ ተሰብስበው የመሠረታዊ ጤናን ነገር ሲያውጁ የእኛም አገር መንገዱን ያዘች። የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎችና የሠለጠኑ የልምድ አዋላጆች ወደየገበሬ ማኅበሩ ገቡ። ደመወዝስ? እሱን ገበሬው ራሱ ይቻል ተባለ። ገበሬው ደግሞ በድርቅና በጦርነት ወገቡ ተቆርጧል። ብዙዎቹ ሥራውን ትተው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። በባዶ ሆድ የሰው ቤት አይዞርም።

በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ እዚያው አካባቢ ያደጉ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ። ትልቁ ለውጥ ምን ነበር? የመንግሥት ደመወዝተኞች ሆኑ! በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ክትባቱና መድኃኒቱ በአብዛኛው በለጋሾች ገንዘብ ቢመጣም፣ ቤት ለቤት የምትዞረዋ ሴት ግን በራሳችን በጀት ላይ ሰፈረች።

ውጤቱም ታየ። በአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ።

እናቶቹስ? እዚህ ላይ ታሪኩ ይመራል። በ2005 ከ100,000 ወሊድ 673 እናቶች፣ በ2011 ደግሞ 676 ሞተዋል። ንቅንቅ አላለም! ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕፃንን ክትባትና የወባ መድኃኒት ያድኑታል። ደም የሚፈሳትን እናት ግን አዋላጅ ነርስ፣ ደም፣ ቀዶ ሕክምናና መኪና ካልደረሰላት ምክር ብቻ አያድናትም። በ2011 በጤና ተቋም የወለደችው ከአሥር አንዷ ብቻ ነበረች። ከዚያ ለወረዳዎች አምቡላንስ ተገዛ፣ አዋላጆች በብዛት ሠለጠኑ፣ በጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ሆነ። በ2016 ቁጥሩ 412 ሆነ። ብር የገባበት ቦታ ሞት ቀነሰ።

ይህ ሁሉ የማይፈርስ እንዳይመስለን። ከ2020 ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ስንት ጤና ኬላ ወደመ። በ2025 አሜሪካ የተራድኦ ድርጅቷን ስትዘጋ ደግሞ በሰው ኪስ መተማመን ምን እንደሆነ አየን። የአልማ አታው ዘመን ያስተማረን ይህንኑ ነበር፤ ደመወዙ ያልታሰበበት ሥራ ዕድሜ የለውም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ምርቃቱን አንተው፤ እንኳን ማርያም ማረቻት። ግን የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲጸድቅ የአዋላጇ ደመወዝና የአምቡላንሱ ነዳጅ የት እንደተጻፈ እንጠይቅ።