ወረቀቱ ሲዘገይ፤ ነዋሪነትን የማስረዳት ዕዳ በማን ላይ ነው?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። እውነት ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ራሱ ከመሥሪያ ቤት ሳይወጣ ሲቀር፣ ባለቤቱም ባዶ እጁን በር ላይ ሲቆም ምን ይደረጋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ከታሪክ አንጻር መመልከት ነው።

በ2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አባቴን ቀብሬ ወደምኖርበት ወደ አሜሪካ ስመለስ፣ አውሮፕላን በምቀይርበት ከተማ ላይ አንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ አስቆመኝ። ግሪን ካርዴ ጊዜው አልፎበታል። አዲስ እንዲሰጠኝ ካመለከትኩ ወራት ተቆጥረዋል፤ ካርዱ ለ24 ወር መራዘሙን የሚገልጸው ደብዳቤም በእጄ ነው። ሠራተኛው ካርዱን አየ፣ ደብዳቤውን አገላበጠና «ይሄ እኮ ወረቀት ነው» አለኝ። አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሄደ። ሌሊቱን የኀዘን ልብሴን እንደለበስኩ ወንበር ላይ አደርኩ። በማግስቱ የፈረቃው ኃላፊ መመሪያዋን ገልጣ አየችና «ደብዳቤው በቂ ነው» ብላ አሳፈረችኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም።

«ይህን ያህል ዓመት ተቀምጠህ ለምን ዜግነት አልወሰድክም?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። መልሱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በ2003 የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ብዙ ነገር ያቃልላል፤ ፓስፖርት ግን አይሆንም። ስለዚህ ግሪን ካርዱን እያደስን የምንኖር ሰዎች አለን። ከእኛ ሌላ ደግሞ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ ገና የገባ ወገናችን አለ፤ የዜግነት ማመልከቻ ለማስገባት እንኳ ዓመታት መጠበቅ አለበት።

ያን ሌሊት ከእኔ በፊት እንዲህ የቆመ ማን ይሆን ብዬ አሰብኩ። ቤቴ ገብቼ መጻሕፍት ሳገላብጥ ሰውየውን አገኘሁት። ስሙ ቻይ ቻን ፒንግ ይባላል፤ ቻይናዊ የጉልበት ሠራተኛ ነበር። ከ1875 ጀምሮ 12 ዓመት ያህል በሳን ፍራንሲስኮ ኖሯል። የአሜሪካ መንግሥት በ1882 ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ፣ ቀድመው የገቡት ወጥተው መመለስ እንዲችሉ የመመለሻ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። ቻይ ቻን ፒንግ ይህን ወረቀት ተቀብሎ በ1887 አገሩን ለማየት ሄደ። በሴፕቴምበር 1888 ከሆንግ ኮንግ ተነሥቶ ቤልጂክ በተባለች መርከብ ሲመለስ፣ እሱ ባሕር ላይ ሳለ ኦክቶበር 1 ቀን ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ የስኮት ሕግ የተባለውን ፈረሙ። ሕጉ የመመለሻ ወረቀቶቹን በሙሉ ዋጋ አሳጣ። ሰውየው ከሳምንት በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ሲደርስ በኪሱ የያዘው መንግሥት ራሱ የሰጠው ወረቀት ነበር፤ አልገባህም ተባለ። እሱን የመሰለ ወረቀት ይዘው ከአገር ውጭ የነበሩት 20 ሺህ ያህል ነበሩ። በ1889 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፈረደበት፤ ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ስቲቨን ፊልድ ናቸው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1892 የጊሪ ሕግ ወጣ። በአገር ውስጥ ያለ ቻይናዊ ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ የነዋሪነት የምስክር ወረቀት እንዲያወጣ ታዘዘ። ወረቀቱን ሳይዝ የተገኘ ሰው በሕገ ወጥ መንገድ እንዳለ ይቆጠርና እንዳልሆነ የማስረዳት ሸክም በራሱ ላይ ይወድቃል። በሕመም ወይም በሌላ ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት አላወጣሁም የሚል ከሆነ ቢያንስ አንድ ታማኝ ነጭ ምስክር ማቅረብ አለበት።

ሊ ጆ የተባለ ሰው ጊዜ ገደቡ ሳያልፍ ሄዶ አመለከተ። ምስክሮችህ ቻይናውያን ስለሆኑ አይታመኑም ተብሎ ወረቀቱን ተከለከለ። ከዚያም ወረቀት የለህም ተብሎ ተያዘ። ልብ በሉ፤ ማመልከቻውን የመለሰው መሥሪያ ቤት ነው፣ ጥፋቱ የተጻፈው ግን በአመልካቹ ላይ ነው! የሊ ጆ ጉዳይ ፎንግ ዩ ቲንግ ከተባለው ሰው መዝገብ ጋር ተጣምሮ በሜይ 1893 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ 5 ለ3 በሆነ ድምፅ ተፈረደባቸው። ከተቃወሙት ሦስት ዳኞች አንዱ ግን እነዚያው ስቲቨን ፊልድ ነበሩ። በአገር ውስጥ ተቀምጦ የሚኖር ሰው የሕገ መንግሥቱ ጥበቃ አለው፣ ገና ሊገባ በር ላይ ከቆመ ሰው ይለያል ሲሉ ተከራከሩ። ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ጊዜውን በስድስት ወር አራዘመ፤ በወረቀቱም ላይ ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ አዘዘ። ሕጎቹ የተሻሩት በ1943 ነው።

ዛሬ በኪሳችን ያለው ካርድ የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። በ1940 የወጣው ሕግ የውጭ አገር ሰው ሁሉ በየፖስታ ቤቱ እየሄደ አሻራ እየሰጠ እንዲመዘገብ አስገደደ። ያን ጊዜ የተሰጠው ካርድ መመዝገብን እንጂ የመኖር መብትን አያሳይም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ለቋሚ ነዋሪዎች የተለየ ካርድ ወጣ፤ ቀለሙ አረንጓዴ ስለነበር ግሪን ካርድ ተባለ። በ1964 ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ስሙ ግን ቀረ፤ አረንጓዴው የተመለሰው በ2010 ነው። የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ 18 ዓመት የሞላው ነዋሪ ካርዱን ሁልጊዜ እንዲይዝ ያዛል፤ ያልያዘ እስከ 100 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ 30 ቀን እስራት ተጽፎበታል። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ ካርዱ በ10 ዓመት ጊዜው የሚያልፍ ሆነ።

የብዙ ሰው ግራ መጋባት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሚያልፈው የካርዱ ጊዜ ነው፤ ነዋሪነቱ አያልፍም። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ቮልቲሜትሩ ስለተበላሸ ኤሌክትሪኩ ጠፋ የሚል ባለሙያ አላውቅም። ቋሚ ነዋሪነት የሚያበቃው ባለቤቱ ሲተወው ወይም ዜጋ ሲሆን፣ አለዚያም በሕግ ሥርዓት ሲወሰንበት ነው። ፖስታ ስለዘገየ አያበቃም። ሕጉም ይህን ስለሚያውቅ መሸጋገሪያ አበጅቷል። አዲስ ገቢ በፓስፖርቱ ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛ በመግቢያው በር ማኅተም ሲመታበት ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። የ10 ዓመት ካርዱን ለሚያድስ ሰው የማመልከቻው ደረሰኝ ከአሮጌው ካርድ ጋር ሲያዝ ማስረጃ ነው፤ ማራዘሚያው በ2021 12 ወር ነበር፣ በሴፕቴምበር 2022 24 ወር ሆነ፣ በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ 36 ወር። ካርዱ የጠፋበት ቀጠሮ ጠይቆ በፓስፖርቱ ላይ ጊዜያዊ ማኅተም ማስመታት ይችላል። በሥራ ቦታም ቢሆን፣ ሲቀጠር ግሪን ካርዱን ያሳየ ሰው ካርዱ ጊዜው ስላለፈ ብቻ እንደገና ማስረጃ እንዲያመጣ አይገደድም።

እነዚህን ማራዘሚያዎች ግን በሌላ ዓይንም ማየት ይገባል። ከ12 ወደ 36 ወር ማደጋቸው ደግነት ብቻ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ሥራውን በጊዜው አለማድረሱንም ይመሰክራል። የመዘግየቱ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ ሲሆን አውሮፕላን የሚያመልጠው፣ ከአሠሪው ጋር የሚከራከረው፣ ለቅሶ የሚቀርበት ግን ነዋሪው ነው።

ይህ የአሜሪካ ብቻ ችግር እንዳይመስለን። በእንግሊዝ አገር ከ1973 በፊት ገብተው የኖሩ የካሪቢያንና የሌሎች ኮመንዌልዝ አገሮች ሰዎች የመኖር መብታቸው በሕግ የተጠበቀ ነበር፤ ወረቀት ግን አልተሰጣቸውም። በ2010 የመግቢያ ካርዶቻቸውን መንግሥት አስወገደ። ከዚያ በኋላ አስረዱ ተባሉ። በ2018 ጉዳዩ የዊንድረሽ ቅሌት ተብሎ ሲፈነዳ፣ ሥራቸውንና ሕክምናቸውን ያጡ፣ ከአገር የተባረሩም ሽማግሌዎች ተገኙ። መብታቸው አልተሻረም ነበር፤ የጎደለው ማስረጃ ብቻ ነው።

በደርግ ዘመን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማግኘት የተሰለፈ ወገኔ ይህን ሁሉ ሲሰማ አይደንቀው ይሆናል። እኛ ከወረቀት ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። ችግሩ ከትውውቁ ጋር ፍርሃቱንም ይዘን መምጣታችን ነው። ወረቀቱ ሲዘገይ ጥፋተኞች የሆንን ይመስል አንገታችንን እንደፋለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ። አንደኛ፣ የካርዳችንን ፊትና ጀርባ፣ ደረሰኙንና የተመታውን ቪዛ ቅጂ አንዱን ቤት፣ ሌላውን ከምናምነው ዘመድ ዘንድ እናስቀምጥ፤ በየዕድራችንና በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱም ቋንቋ ያልለመደውን አዲስ መጪ ይህን እናስተምር። ሁለተኛ፣ የመምረጥ መብት ያላችሁ ወገኖቻችን ለምክር ቤት አባሎቻችሁ ስትጽፉ ይህን ጠይቁ፤ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ምክንያት ሲዘገይ፣ የማስረዳቱ ሸክም ለምን በሊ ጆ ጫንቃ ላይ እንደተጫነ ይኖራል?

ሊ ጆ በጊዜው ሄዶ አመልክቶ ነበር። እኔም አመልክቼ ነበር።

ቸር ወሬ ያሰማን።