«ዲቃላ» ስለሚባለው ቃል



በአጋሮ የከብት ገበያ አንድ ሰው ላሙን እየሳበ «ዲቃላ ናት» ብሎ ቢናገር ዋጋዋን ከፍ ማድረጉ ነው፤ የወተቷን ብዛት መመስከሩ ነውና። ይኸው ሰው ፊቱን መለስ አድርጎ ከአጠገቡ የቆመውን ጎልማሳ በዚያው ቃል ቢጠራው ግን ዱላ ይነሣል፤ ሽማግሌ ይገባል፤ ምናልባትም ነገሩ ከዳኛ ፊት ይደርሳል። አንድ ቃል በአንድ ገበያ ውስጥ ለላም ምስጋና፥ ለሰው ስድብ ሊሆን የቻለው እንዴት ነው? በዛሬው ንግግራችን ይህን ለመመርመር እንወዳለን።

ግሡን ብንመለከት «አዳቀለ» ማለት ሁለት የተለያየ ዘር አገናኝቶ አንድ አስወለደ ማለት ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ መቀላቀል እንጂ ነውር የለበትም። ነውሩ የመጣው ቃሉ ከእንስሳና ከተክል ወደ ሰው ቤት ሲገባ፥ ያለ ጋብቻ የተወለደውን ልጅ ሲያመለክት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛም የምናገኘው በዚሁ በከበደው ትርጉሙ ነው። ኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ ዲቃላን እስከ አሥር ትውልድ ድረስ ከጉባኤ ያርቀዋል። ነገር ግን በዚያው በብሉይ ኪዳን፥ በመጽሐፈ መሳፍንት በ11ኛው ምዕራፍ፥ የጋለሞታ ልጅ የነበረው ዮፍታሔ ወንድሞቹ ከአባቱ ቤት ካባረሩት በኋላ ጦርነት በመጣ ጊዜ ሽማግሌዎች ሄደው እንዲመራቸው ለመኑት። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ሕጉ ሌላ፥ የሰው ችግር የሚያስደርገው ሌላ እንደ ነበረ እናያለን።

ባላገርም በዚህ ነገር ላይ የራሱ ቀልድ አለው። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች ይባላል። በቅሎ አባቷ አህያ፥ እናቷ ፈረስ መሆኗን የማያውቅ የለም። ሆኖም በአገራችን መኳንንቱና ካህናቱ ለክብራቸው የሚቀመጡት በዚህችው በድቅሊቱ እንስሳ ላይ ነበር፤ የአጋሮንና የጅማን ቡናም የመኪና መንገድ ሳይወጣ በፊት ተሸክማ ያወጣችው እርስዋ ናት።

ነገራችን በአገራችን ብቻ እንዳይወሰን ወደ ባሕር ማዶም ጥቂት እንመልከት። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ከዕቁባት የተወለደ» የሚል ቃል ነበር፤ ኋላ ግን «ባስታርድ» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ መጥቶ ተተካ። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት ይህ ቃል የወጣው የጭነት ኮርቻ ከሚባለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ በመንገድ ኮርቻውን ተንተርሶ የሚያድር የበቅሎ ነጂ ልጅ ማለት ነው ይላሉ። ሌሎች ይህን ባይቀበሉትም፥ የሲራራ ነጋዴ በኖረበት በጅማ አገር ላለ አድማጭ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ይልቁንም ሊታወቅ የሚገባው በመጀመሪያው ዘመን ቃሉ የዛሬውን ያህል ስለ ጋብቻ የሚናገር አለመሆኑ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን የወረረው የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በዚህ ስም ይጠራ ነበር። አባቱ መስፍኑ ሮበርት ነው፤ እናቱ ሄርሌቫ ግን ከዝቅተኛ ወገን ነበረች። ዛሬ ያሉ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት በዚያን ዘመን የሚያስነቅፈው የጋብቻው ጉድለት ሳይሆን የእናቲቱ ወገን ማነስ ነበር። ያም ሆኖ ዊልያም ገና በሕፃንነቱ ያባቱን መስፍንነት ወረሰ፤ ኋላም ንጉሥ ሆነ። ቃሉ «ያለ ሕጋዊ ጋብቻ የተወለደ፥ ውርስም የማይገባው» ወደሚለው የጠበበው ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ዳኞች ጋብቻን በሕግ አጥብቀው ካሰሩት ወዲህ ነው።

ዳኞቹም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ወላጆቹ ኋላ ቢጋቡ ልጁ እንደ ሕጋዊ ይቆጠራል ይል ነበር። በ1236 በመርተን በተደረገው ጉባኤ ጳጳሳቱ ይህ በመንግሥት ሕግም እንዲጸና ጠየቁ፤ መሳፍንቱ ግን የእንግሊዝን ሕግ አንለውጥም ብለው እምቢ አሉ። ከነገሩ በስተጀርባ ያለው መሬት እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። በዚያ አገር ወላጆቹ ኋላ የተጋቡለት ልጅ ሕጋዊ ይሁን የተባለው በ1926 በወጣ ሕግ ነው፤ ይህም ከጉባኤው በኋላ ወደ ሰባት መቶ ዓመት ግድም ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ሕጉ ይህን ልጅ በላቲን ቋንቋ «የማንም ልጅ ያልሆነ» ይለው ነበር።

የእኛ አገር ልማድ ከዚህ የተለየ ነበር። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተጽፎ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ሲሆን፥ ከሮማውያንና ከቢዛንታውያን ሕግ ብዙ ነገር ወስዶ ዕቁባት ማኖርን ይከለክላል፤ በሕግ የተወለደውንም ልጅ ያስቀድማል። ነገር ግን ፍትሐ ነገሥት በሊቃውንት እጅ ነበር፤ ርስት ደግሞ በባላገር እጅ። ባላገሩ ርስቱን የሚቆጥረው ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ በእናትም በአባትም በኩል ነበር። ልጁ በቁርባን ይወለድ፥ በሰማንያ ይወለድ፥ ወይም በደመወዝ ከተቀመጠች ሴት ይወለድ፥ አባቱ «ልጄ ነው» ካለ ከወንድሞቹ ጋራ ይካፈል ነበር። አባቱ ቢክደው እንኳ የእናቱ ርስት አይቀርበትም ነበር። «የማንም ልጅ ያልሆነ» የሚለው የእንግሊዞች አነጋገር እንግዲህ ለሰሜኑ ባላገር ትርጉም የሚሰጥ አልነበረም። ዋናው ጥያቄ «እናትህና አባትህ ተጋብተው ነበርን?» ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ነበር።

ይህ ልማድ እስከ ዙፋን ድረስ ይደርስ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በተወለዱ ጊዜ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ የሸዋው አልጋ ወራሽ የኃይለ መለኮት የተጋቡዋት ሚስት አልነበሩም፤ በቤተ መንግሥት የሚያገለግሉ ሴት ነበሩ ይባላል። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግን ልጁን ተቀበሉት፤ ስሙንም ምኒልክ ያሉት እርሳቸው እንደ ሆኑ ይነገራል። ምኒልክ ራሳቸው ከእቴጌ ጣይቱ ልጅ አልወለዱም። ሴቶች ልጆቻቸው ወይዘሮ ሸዋረጋና ወይዘሮ ዘውዲቱ ከቁርባን ጋብቻ ውጪ ከሁለት የተለያዩ እናቶች የተወለዱ ናቸው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ከምኒልክ በኋላ አልጋውን የያዙት በመጀመሪያ የሸዋረጋ ልጅ ልጅ ኢያሱ፥ ቀጥሎም ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ዋና ክስ የሃይማኖት ክስ ነበር። የአያታቸውን አልጋ ማንም አላነሣም፤ ሊያነሣም አይችልም ነበር፤ ቢነሣ በምትካቸው የምትነግሠውንም ዘውዲቱን ይነካልና።

የራስ መንገሻ ዮሐንስ ታሪክ ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። እስከ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ድረስ የዐፄ ዮሐንስ የወንድም ልጅ ተብለው ሲኖሩ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በመተማ ቈስለው ሊሞቱ ሲሉ በመኳንንቱ ፊት «ልጄ ነው» ብለው ወራሽ አደረጉዋቸው። ሕጋዊው ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ባለፈው ዓመት ሞተው ነበር። እንደ ልማዱ ቢሆን የአባት ቃል ይበቃ ነበር፤ ግን ቃሉ የመጣው ሠራዊቱ ከተፈታ በኋላ ነው። ምኒልክ ነገሡ፤ ራስ መንገሻም በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ገቡ። በእኔ አስተያየት መንገሻን ያጐደላቸው የልደታቸው ነገር አይደለም፤ የጠመንጃ ቁጥር ነው። ምኒልክም እኮ ልደታቸው ከዚያ የተሻለ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ግን የጌቶች ታሪክ ነው። የጌታ ልጅ ዲቃላ ቢሆን ራስ ይሆን ነበር፤ የገረድ ልጅ አባቱ ከካደው እረኛ ይሆን ነበር። በስሙና በልደቱ የሚሰደበው አቅም የሌለው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን እንኳ ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሰድበዋቸዋል፤ ይህም እንደ ኖርማንዲው ዊልያም ሁሉ ስድቡ ወደ እናት ያነጣጠረ መሆኑን ያስረዳል።

በጊቤ ነገሥታት አገር፥ አጋሮም በምትገኝበት በጎማ፥ የእስልምና ሕግ በገባ ጊዜ ሌላ መንገድ ተከፈተ። በዚህ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ የባልየው ነው፤ ከጋብቻ ውጪ የተወለደው ግን ትውልዱም ውርሱም በእናቱ በኩል ብቻ ነው። ጌታው ያመነላት የባሪያ ሴት ልጅ ግን ነፃ ነው፤ ከሌሎቹም ጋራ እኩል ይወርሳል። የባሪያ ገበያ በሂርማታ ይቆም በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚህም ሌላ የኦሮሞ ሕዝብ የቆየ ልማድ አለው፤ ይኸውም ጉዲፈቻ ነው። በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከየትም ይምጣ የቤቱ ልጅ ይሆናል፤ ትውልዱንም በአሳዳጊው ይቈጥራል። የሕግ መጻሕፍታችን «ጉዲፈቻ» የሚለውን ቃል ከኦሮምኛ ሲወስዱ፥ በአጋሮ መንደሮች ደግሞ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዲቃላ» የሚለውን ቃል ለስድብ ሲጠቀምበት ይሰማል። በዚህ ልውውጥ የተጠቀመው አማርኛ ይመስለኛል።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ቃሉ በሳይንስ በር ተመልሶ ገብቷል። ከጅማ ወደ አጋሮ ሲሄዱ በ12 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ያለው የመልኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል የቡና ዝርያዎችን እያዳቀለ፥ በ1990 ዓ.ም. ገደማ «አባ ቡና» የተባለውን ድቅል ቡና ለገበሬ አወጣ። ባለሙያዎቹ «ዲቃላ» ማለትን ትተው «ድቅል» ይላሉ፤ የፊደሎቹ ድምፅ መለወጥ ስድቡን አራግፎ የጥሩ ምርት ስም አደረገው። ገበሬው ግን አንድ ነገር ማወቅ አለበት፤ ከድቅሉ ዛፍ ለቅሞ የሚተክለው ዘር እንደ ወላጁ ወጥ ሆኖ አይበቅልም። ከዚህም የሚያስደንቀው ዐረቢካ የሚባለው ቡናችን በሙሉ ራሱ ድቅል መሆኑ ነው። ሮቡስታ የሚባለውና ሌላ የዱር ቡና በተፈጥሮ ተገናኝተው የወለዱት ሲሆን፥ ሊቃውንት ይህ የሆነው ከ600 ሺሕ ዓመት በፊት ገደማ እንደ ሆነ ይገምታሉ።

ወደ ሰው ልጅ ስንመለስ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በውርስ ነገር በጋብቻ የተወለደውንና ያልተወለደውን እኩል አድርጓል። ሆኖም አባቱ ካላመነለት ልጁ በሕግ የሚዛመደው ከእናቱ ጋራ ብቻ ነበር፤ እኩል ይካፈል የተባለውን ውርስ ለመጠየቅ አስቀድሞ አባት ማግኘት ነበረበት። አባትነትን በዳኛ ማስፈረድ የሚቻለው ሴቲቱ በተጠለፈች ወይም በተደፈረች ጊዜ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋራ እኩል መብት አላቸው ብሎ ደነገገ። ቀጥሎ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ማስረጃውን አሰፋ፤ አባት ነኝ የሚያሰኝ ደብዳቤ፥ የቀለብ መስጠት፥ እንደ ባልና ሚስት መታየት ይቈጠራሉ። አጋሮ ያለችበት የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል።

የቡና ለቀማ ወራት በደረሰ ጊዜ ከልዩ ልዩ አገር ብዙ ሰው ወደ አጋሮ አካባቢ ይመጣል፤ ሥራው ሲያልቅም ይበተናል። በዓመቱ ከሚወለዱት ሕፃናት አንዳንዱ አባቱ የሄደበት አገር አይታወቅም። በአገራችን ደግሞ የሰው ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ስም ነው። እናቲቱ ልጁን ትምህርት ቤት ልታስገባ ስትሄድ ጸሐፊው አስቀድሞ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜ የምትሰጠው የራሷን አባት ስም ነው፤ ጸሐፊውም ይጽፈዋል፤ ልጁም በአያቱ ስም ተጠርቶ ወደ ክፍሉ ይገባል።