አክስልና መሪ፤ የጭነት መኪና ስያሜዎች ታሪክ ከእንጦጦ ግርጌ

መግቢያ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር በላይ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት መኪናን ይፈትናል። ጋራው ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ክረምት ሲገባም ከዋናው መንገድ ውጭ ያለው ሁሉ ጭቃና ድንጋይ ይሆናል። በዚሁ ሠፈር የሚኖር አንድ ጎረቤቴ፣ አራቱም ጎማ በሚጎትት አሮጌ የጭነት መኪና ድንጋይና የባሕር ዛፍ እንጨት ያመላልሳል። የመኪናው የኋላ አክስል ስለ ተዳከመበት ከሌላ መኪና የተፈታ ጠንካራ አክስል በርካሽ ለመግጠም አሰበ። ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሻጭ ጋር በስልክ ተስማምቶ ቀብድ ከፈለ። የመጣለት ግን ሁለት ዘንግ ብቻ ነበር። ቅር ተሰኝቶ ቢጠይቅ ሻጩ፣ «ጋሼ፣ አክስል አላሉም? አክስል ይኸው ነዋ!» አለው።

ሁለቱም አልዋሹም። ያጣላቸው ቃሉ ነው። ቃሉ እንዴት ወደዚህ እንደ ደረሰና መድኀኒቱ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የተሽከርካሪ ስያሜዎችን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይገባል።

1. ከባቡር ወደ መኪና

ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ወደ አገራችን ሲገባ ስሙን ያገኘው በ«ባቡር» ነበር። ባቡር በእንፋሎት የሚሠራ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆኖ በዐረብኛ በኩል የመጣ ቃል ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዝያን ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው የመንገድ መደልደያ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። እህል የሚፈጨውም የወፍጮ ባቡር ሆነ። የጅቡቲው መስመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ «ምድር ባቡር» የሚለው ስም ጸና። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢል ካመጣ በኋላ ግን አዲሱ ዕቃ ከጊዜ ብዛት ሌላ ስም ያዘ፤ ይኸውም ከጣልያንኛ የመጣው «መኪና» ነው። መኪናም እንደ ባቡር ሰፊ ቃል ስለ ነበረ የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና፣ የጭነት መኪና እየተባለ በቅጽል ተለየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሕዝቡ አንድ የውጭ ቃል ብዙ ነገር ሲሸከምበት ቃሉን አልጣለም፤ አጠገቡ ሌላ ቃል አቁሞ ለየው እንጂ።

2. ከጣልያንኛ የገቡትና ከግስ የወጡት

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የጣልያን የጭነት መኪናዎች በብዛት ገቡ። ፊያት 634 በቁጥሩ መጨረሻ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ በሕዝብ አፍ ገባ። በመኪናው ጥገናም ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካላማዳሪ የሚባሉት ቃላት አማርኛ ሆነው ቀሩ። መንኰራኲር የሚለው የግእዝ ቃል ለመጻሕፍት ሲቀር ጎማ መንገዱን ያዘ።

ነገር ግን ሁሉ የውጭ አልሆነም። መራ ካለው «መሪ»፣ ተሳበ ካለው «ተሳቢ»፣ ገለበጠ ካለው «ገልባጭ» ወጥተዋል። እነዚህ ስሞች የጸኑበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል፤ ዕቃውን የሚጠሩት በሚታይ ሥራው ነው። መሪ በሾፌሩ እጅ ነው፤ ተሳቢም ሲሳብ ሁሉ ያየዋል። ከመኪናው ሆድ ሥር ያለውን ግን የሚያየው መካኒኩ ብቻ ስለ ሆነ ከባዕዱ ስም ጋር ቀረ። በአንጻሩ «መዘውር» የሚለው ጥሩ ቃል ከጋራዥ ወጥቶ ዛሬ በይበልጥ የሚሰማው «የሥልጣን መዘውር» በሚለው አነጋገር ነው።

3. አንዱ አክስል ሁለት ሲሆን

የመንገድ ሠራተኞች «ባለ ሦስት አክስል» ሲሉ በግራና በቀኝ ጎማ የተያዘውን ክብደት ተሸካሚ መሥመር መቍጠራቸው ነው። መካኒኩ «አክስሉ ተሰበረ» ሲል ግን ከዲፍረንሻል ወደ ጎማ ኀይል የሚያደርሰውን ዘንግ ማለቱ ነው። ልዩነቱ የሊቃውንት ክርክር አይደለም። በአንዳንድ መኪና ዘንጉ ሥራው ማዞር ብቻ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከሙት የውጭው ቱቦና በጫፉ ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው። ዘንጉ ቢሰበር ጎማው ከቦታው አይነቃነቅም። በሌላው መኪና ግን ያው ዘንግ ያዞራልም ይሸከማልም፤ በጎማው በኩል ቢሰበር ጎማው ከነዘንጉ ሊወጣ ይችላል። ጭነት ይዞ ከእንጦጦ ለሚወርድ ሰው ይህ የሕይወት ጕዳይ ነው።

ዋጋውም እንዲሁ ነው። ሙሉው አክስል ከዲፍረንሻሉ ጋር ሲገዛ የጥርሱ ቍጥር መጠየቅ አለበት። ትልቁ ጥርስ 37፣ ትንሹ 9 ቢሆን ንጽጽሩ 4.11 ነው፤ 47 ለ10 ቢሆን 4.7 ይሆናል። የኋላው ብቻ ተለውጦ የፊቱ ከቀድሞው ቢቀር፣ አራቱም ጎማ አብረው ሲጎትቱ የፊቱና የኋላው ይጣላሉ፤ በጠንካራ መሬት ላይ ጥርስ እስከ መስበር ይደርሳል። በርካሽ የተገዛው በውድ ያልቃል ማለት ነው።

«መሪ» የሚለውም ቃል በበኩሉ ሰፍቷል። በእጅ የሚጨበጠው ክብ፣ ጥርሶቹ ያሉበት ሳጥንና እስከ ጎማ የሚደርሱት ዘንጎች ሁሉ መሪ ይባላሉ። «መሪው ከበደ» የሚል ባለንብረት ሳጥኑን ሊያስለውጥ ይነሣል፤ ምክንያቱ ግን የጎማ ነፋስ ማነስ ወይም የመጋጠሚያዎች መድረቅ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ጎማ ሲገጠምም ቀድሞ የሚጐብጠው ቀጭኑ ዘንግ ነው።

4. ሐሳብ

ከላይ እንዳየነው የሕዝቡ ልማድ ቅጽል ማከል ነው። ስለዚህ አክስልን ማባረር አያስፈልግም። ክብደት የሚይዘውን «ተሸካሚ አክስል»፣ ኀይል የሚያደርሰውን «አዟሪ አክስል»፣ ሁለቱንም የሚሠራውን «አዟሪ ተሸካሚ» ብንለው ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ለመሪም የእጅ መሪ፣ የመሪ ሳጥን፣ የመሪ ዘንግ ማለት ይበቃል። አዟሪ ሲባል ጋዜጣ አዟሪ ትዝ ይላል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ዳሩ ግን መሪም የአገር መሪ ማለት ሲሆን በመኪና ውስጥ ማንንም አላሳሳተም።

ጎረቤቴን በመጨረሻ የረዳው ግን የእኔ ቅጽል አይደለም። ወጣቱ መካኒክ፣ «ጋሼ፣ ሌላ ጊዜ ‹አክስል ከነቤቱ› ይበሉ» አለው። እርሱም እንደ ተነገረው ጠየቀ፤ የጥርሱን ቍጥር አስቈጠረ፤ የፈለገውንም አገኘ። «ከነቤቱ» የምትለው ቃል በመዝገበ ቃላት በአክስል ሥር ልትገባ ይገባታል። አንባብያንም ከየጋራዡ የሚሰሙትን እንዲህ ያለ ቃል፣ ከተሰማበት ቦታ ጋር ጽፈው ቢልኩልን ለሥራው ትልቅ ርዳታ ይሆናል።