ፍል ውሃና ባለቤቶቹ

ፍል ውሃ በሚፈልቅበት አገር ሙቅ ውሃ የሰው ልጅ ሳይደክምበት ከተፈጥሮ የሚቀበለው ሀብት ነው። በሌላ ስፍራ ገላን ለመታጠብ እንጨት መልቀም፣ ወንዝ ወርዶ መቅዳት፣ ጉልቻ ጎልቶ ማንደድ ግድ ይላል፤ እዚህ ግን ምድር ራሷ ማገዶም እንስራም ሆና ትጠብቃለች። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሀብት ባለቤት ነኝ ባይ ሳይነሣበት የቆየበት ዘመን አጭር ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት የምንሞክረው ፍል ውሃ በአገራችን የማን ማረፊያ ሆኖ እንደቆየ ነው።

ነገሩን ያነሣሣብኝ በቅርቡ ያጋጠመኝ የሁለት ቀን ዕረፍት ነው። ቴአትር ያስተማርኳቸው ልጆች፣ ወገቤን እንደሚያመኝ ስለሚያውቁ፣ ገንዘብ አዋጥተው ከቢሾፍቱ ሐይቆች በአንደኛው ዳር ወደሚገኝ ባለ «ስፓ» ሆቴል ላኩኝ። የሣር ክዳን ያላቸው ጎጆዎች፣ ድንጋይ የተነጠፈባቸው መንገዶች፣ ለእንግዳው የሚሰጥ ነጭ የፎጣ ካባ፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ዝግ ያለ የዋሽንት ድምፅ አለው። የአገልግሎቱ ዝርዝር በቆዳ በተለበጠ መዝገብ ይቀርባል፦ የስዊድን ማሸት፣ የታይ ማሸት፣ የጋለ ድንጋይ፣ የእንፋሎት ክፍል። ከዝርዝሩ ግርጌ «ወይባ» የሚል ቃል አገኘሁ። ዋጋውን አየሁና መዝገቡን ከደንኩት።

ወይባ በእናቴ ቤት ዋጋ አልነበረውም። በጓዳው ወለል የተቆፈረች ጠባብ ጉድጓድ፣ ጥቂት ፍም፣ የወይባ ፍልጥ፣ በላዩም ጋቢ ተከናንባ እስከ አንገቷ የምትሸፈን አራስ ወይም ሙሽራ፤ ይኸው ነበር። ጢሱ ላቧን ያወርደዋል፤ ስትወጣ ቆዳዋ እንደ ማር ይወዛል፣ ሽታውም ለሰንበት ይከርማል። ፍሙን የምታቀርበው ጎረቤት ነበረች፤ ጎረቤቲቱ በተራዋ ስትወልድ ደግሞ ፍም አቅራቢዋ እናቴ ትሆናለች። ይህን ልማድ ከአሥር ዓይነት የውጭ አገር ማሸት ግርጌ ተጽፎ ሳየው የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም። አንድ ነገር ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ መንገዱ እንዴት እንደነበረ ለማወቅ መፈለግ ነው።

«ስፓ» የሚለው ቃል የአንዲት የቤልጅግ ከተማ ስም ነው። የማዕድን ውሃዋን ለመጠጣትና ለመታጠብ የአውሮጳ መኳንንት ይጎርፉባት ስለነበር፣ ስሟ የዚህ ዓይነት ቦታ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። መኳንንቱ ወደነዚህ ከተሞች የሚሄዱት ለመዳን ብቻ አልነበረም፤ ለመታየት፣ ለመቆመር፣ ልጆቻቸውን ለመዳርም ጭምር ነው። እዚህ ላይ አንባቢን ፈገግ የሚያሰኝ አንድ ጨዋታ እናስገባ። የጉበት ሕመም የጸናበት ካርል ማርክስ ከ1874 እስከ 1876 (እ.ኤ.አ.) ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በቦሄሚያ ወደምትገኘው ወደ ካርልስባድ ሄዶ ታክሟል። በመጀመሪያው ጉዞው፣ ያ የታወቀው አብዮተኛ እርሱ እንደሆነ እንዳይጠረጠር፣ በግል ሀብቱ የሚኖር የለንደን ጨዋ መስሎ ተመዘገበ። የከተማይቱ ግብር እንደ ማዕረጉ ስለሚከፈል ለዚህ ማዕረግ ዕጥፍ ከፈለ። የካፒታልን ምሥጢር የተነተነ ሰው ለሙቅ ውሃ ሲል የካፒታል ጌታ መስሎ መታየት ነበረበት።

በሩሲያም ከአብዮቱ በኋላ በ1919 (እ.ኤ.አ.) የፍል ውሃና የባሕር ዳርቻ ማረፊያዎች በዐዋጅ የመንግሥት ሆኑ። በክሪሚያ የሚገኘው የመጨረሻው ዛር የበጋ ቤተ መንግሥት፣ ሊቫዲያ፣ በ1925 የገበሬዎች ማገገሚያ ሆኖ ተከፈተ። አንድ ገበሬ በዛሩ አዳራሽ አልጋ ዘርግቶ ሲተኛ ምን እንደተሰማው ለተውኔት የሚሆን ጉዳይ ነው፤ እኛ ግን ወደ አገራችን እንመለስ።

የአዲስ አበባ ታሪክ የሚጀምረው ከገላ መታጠቢያ መሆኑን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ትርጉሙን ግን ብዙም አላሰብንበትም። በ1870ዎቹ የንጉሥ ምኒልክ ሰፈር በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እንጦጦ ለጦር መጠበቂያ ይመቻል እንጂ ለኑሮ አይመችም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ማገዶውም አልቆ ነበር። ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ግን ፍል ውሃ ይፈልቃል። ቤተ መንግሥቱ ለመታጠብ መውረድ ለመደ፤ መጀመሪያ ድንኳን ተተከለ። በ1879 ዓ.ም. ኋላ እቴጌ የሆኑት ወይዘሮ ጣይቱ በአካባቢው ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ሰፈሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም እንጦጦ ባዶ ሆኖ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ታች ወረደ። እንግዲህ የመንግሥት መናገሻ ከተራራ ወደ ሜዳ የወረደው አስቀድሞ ለገላ መታጠብ ተብሎ ነው ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም።

ነገር ግን ሜዳው ባዶ አልነበረም። ስፍራው በኦሮምኛ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ የሚፈልቅ ውሃ ማለት ነው። የጉለሌና የአካባቢው ኦሮሞዎች ከብት ያሰማሩበት፣ ማዕድን ያለበትንም ውሃ ያጠጡበት ነበር። ለእነርሱ ፍል ውሃው የገላ መታጠቢያ ብቻ ሳይሆን የላሚቱ ጤናና የወተቱ መብዛት ነበር። ከተማይቱ ስትሰፋ ከመሬታቸው ተገፍተው ወጡ። በመማሪያ መጻሕፍታችን ጣይቱ አበባዋን አይተው ሲደነቁ የሚያሳየው ሥዕል ያምራል፤ ከሥዕሉ ጠርዝ ወዲያ ከብቶቹን እየነዳ የሚሄደው ሰው ግን አልተሣለም።

ስለ ጣይቱ ካነሣን አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። ከሃያ ዓመታት ያህል በኋላ በከተማይቱ የመጀመሪያው ሆቴል የተከፈተው በእርሳቸው ነው። በአገራችን የፍል ውሃው መታጠቢያና የእንግዳ ማረፊያው ሆቴል ከአንዲት ሴት እጅ መውጣታቸው እምብዛም አይነገርም።

ከዚያ ወዲህ የፍል ውሃው ዙሪያ ምን እንደተሠራበት መመልከት ብቻውን ታሪክ ይናገራል። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1940ዎቹ እዚያው አጠገብ ቆመ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የሒልተን ሆቴልም የመዋኛ ገንዳውን በዚሁ ፍል ውሃ ሞላ። በመካከሉ ደግሞ ሕዝቡ ከፍሎ የሚታጠብበት የፍል ውሃ ድርጅት ነበር። በልጅነቴ ቁርጥማት ያለባትን አክስቴን ይዘን ስንሄድ ክፍሎቹ በማዕረግ የተለያዩ እንደነበሩ አስታውሳለሁ። እኛ የምንገባው ከታችኛው ነው። ተራ የሚጠብቁ ሴቶች በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ሳሙናቸውን በፌስታል ይዘው ያወጋሉ፤ ጊዜው ሲያልቅ በሩ ይንኳኳል። ውሃው ግን የንጉሡም፣ የሆቴሉም፣ የአክስቴም አንድ ነበር፤ ከአንድ መሬት ሆድ የወጣ።

ከከተማ ወጣ ብለን ብንመለከትም ነገሩ ይደጋገማል። አምቦ በማዕድን ውሃዋ ምክንያት ሀገረ ሕይወት ተብላ ነበር። ወሊሶ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግዮን ተባለች። ወንዶ ገነት የሚለው ስም ራሱ ምን እንደታሰበበት ይናገራል። ፍል ውሃ በተገኘበት ሁሉ አስቀድሞ የሚለወጠው የቦታው ስም ነው፤ ቀጥሎ አጥር ይመጣል። ሶደሬ ግን የቀድሞ ስሙ አልተነካም። ከአዳማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአዋሽ ዳር፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ከሚፈልቀው ውሃ አጠገብ ሆቴልና ገንዳ ተሠራ፤ ለመዲናይቱ ባለ መኪናዎችም የቅዳሜና እሑድ መዋያ ሆነ።

በ1967 ዓ.ም. ትላልቅ ድርጅቶች፣ የገጠር መሬት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በተከታታይ ዐዋጆች ተወረሱ፤ የመዝናኛ ሆቴሎቹም በመንግሥት እጅ ገቡ። ይህ ለውጥ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳልነበረ የራሴ ምስክርነት አለኝ። አዲስ አበባ መቶ ዓመት በሞላት በ1979 ዓ.ም. አባቴ ከሥራ ባልደረቦቹ ከመምህራን ጋር በአውቶቡስ ሶደሬ ሲሄድ እኔንም ወሰደኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴን ያለ ሸሚዝ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጠመኔ የሰነጣጠቀው እጁ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ዘመኑ የጦርነትና የችግር ዘመን ነበር፤ ይህን አንረሳም፤ ያቺን ዝምታ ግን መካድ አይቻለኝም።

በዚያው ዕለት ሁለት ጎልማሶች አንድ አዛውንት በብብታቸው ደግፈው ወደ ሙቁ ውሃ ሲያስገቡ አየሁ። ሰውዬው ከወገቡ ታጥፎ መሬት መሬቱን ያያል፤ ጎኑን ለማየት አንገቱ ብቻውን ስለማይዞር መላ ገላውን ያዞራል። ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቅ አባቴ «የወንጂ ሰው ነው» አለኝ። ይህ መልስ መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከሶደሬ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በአዋሽ ሸለቆ፣ ከኢንዶኔዥያ በመጣው ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ተቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከየአቅጣጫው የመጣው ሠራተኛ በመንደሮች ሰፍሮ የሚጠጣው ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነበር። በስምጥ ሸለቆ ከደጋ የሚሰርገው የዝናብ ውሃ በምድር ስንጥቆች ወርዶ፣ በእሳተ ገሞራ ዓለት መካከል እየተንሸራሸረ ማዕድን ያሟሟል፤ ከሚያሟሟቸውም አንዱ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በወንጂ የብዙዎቹ ጉድጓዶች መጠን ይህን በብዙ ዕጥፍ ይበልጥ ነበር። በሕፃንነቱ የጠጣው ጥርሱ ይበልዛል። ከዐሥር ዓመት በላይ ጠጥቶ ሸንኮራ ሲቆርጥ የኖረው ደግሞ አከርካሪው እየደረቀ፣ ጅማቱ እንደ አጥንት እየጠነከረ ይጎብጣል። ሐኪሞች ይህን ከ1960ዎቹ ጀምሮ መዝግበውታል። ውሃውን ማፍላት አይረዳም፤ ይልቁንም ፍሎራይዱን ያጠነክረዋል። ማጣሪያ ተተከለ፤ ለጎበጠው ግን ዘግይቶ ነበር።

ስለዚህ ያ አዛውንት በሶደሬ ገንዳ ወገቡን የሚያስታምምበት ውሃና በወንጂ ጉድጓድ ያጎበጠው ውሃ የአንድ ሸለቆ ልጆች ነበሩ። ስኳሩ አዲስ አበባ ይመጣል፤ የአዲስ አበባ ሰው ሻዩን አጣፍጦ ጠጥቶ ቅዳሜ ለመታጠብ ሶደሬ ይወርዳል። በዐዋጁም ፋብሪካውና ገንዳው በአንድ ዓመት የመንግሥት ሆኑ፤ በገንዳው በር የሚገባው ሰው ተለወጠ፤ የጉድጓዱ ውሃ ግን ዐዋጅ አይሰማም ነበርና ሰዎቹ መጉበጣቸውን አላቆሙም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከመንግሥት ሆቴሎች ብዙዎቹ ለግል ባለሀብት ተላለፉ፤ በየሐይቁ ዳርም አዳዲሶቹ ተነሡ። አሁን አጥሩ ዋጋው ነው። እኔንም ያስገባኝ የተማሪዎቼ መዋጮ ነው እንጂ የመምህር ደመወዝ አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ጀርባዬን ያሸችኝ ወጣት እጇ ጠንካራና ዐዋቂ ነበር። የሚያመኝን ቦታ ሳልነግራት አገኘችው። የት እንደተማረች ጠየቅኋት።

«ሦስት ወር ሥልጠና ሰጥተውናል ጋሼ። ግን ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር፤ አባቴን ነው የማሸው።»

«አገርሽ የት ነው እኅቴ?»

«ወንጂ» አለችና ሳቅ ስትል አፏን በእጇ ጀርባ ሸፈነች። በእጇ ዳር ግን የበለዘ ጥርሷን አየሁት።

አባቷ ሸንኮራ ቆራጭ እንደነበረ፣ አሁን ቀና ብሎ እንደማይሄድ፣ ፈቃድ ባገኘች ቁጥር ሄዳ በቅባኑግ እንደምታሸው ነገረችኝ። አንድ ቀን እንኳ እዚህ አምጥታው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እዚህ?» አለች። በዚህ ጊዜ አፏን መሸፈኑን ረሳችው። ዘይቱን በመዳፎቿ መካከል አሙቃ «በሌላው ጎን ይገልበጡ ጋሼ» አለችኝ።