የሞተር ጀልባ ኑሮ እና የኢትዮጵያ የውስጥ ውሃዎች

የሞተር ጀልባ ኑሮ ጥቂት ሰዎች፣ በብዛትም አንድ ባልና ሚስት፣ የራሳቸው በሆነ፣ በሞተር በሚንቀሳቀስና መኝታ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ባለው ጀልባ ላይ እየኖሩ ከወደብ ወደ ወደብ የሚጓዙበት፣ የጀልባውንም ጥገና በአብዛኛው በገዛ እጃቸው የሚያከናውኑበት የአኗኗር ዓይነት ነው። በሀብታሞች ዘንድ «ያት» የሚል ስም ያተረፉት፣ ካፒቴንና አስተናጋጅ የሚቀጠርላቸው ትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ እዚህ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 16 ሜትር የሚረዝመውና ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሊነዱት የሚችሉት ጀልባ ነው። ይህ ኑሮ በዋናነት የሚታየው በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ጠረፎች፣ ወንዞችና ቦዮች ላይ ሲሆን፣ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ የባሕር በር በሌላት ኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ መልኩ አይገኝም። በኢትዮጵያ ያለው የቅርብ አቻ በጣና፣ በዝዋይ (ደምበል)፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ላይ ለመጓጓዣ፣ ለዓሣ ማስገሪያና ለጎብኚ የሚያገለግለው የሞተር ጀልባ ነው፤ ጀልባው የባለቤቱ እንጀራ እንጂ ቤቱ አይደለም።

ዘመናዊው የሞተር ጀልባ ጉዞ ከሮበርት ቢቢ ስም ጋር ተያይዞ ይነሳል። ይህ ጡረታ የወጣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በ1963 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ውስጥ ባሠራት «ፓሴጅሜከር» በተባለች 50 ጫማ (15 ሜትር ገደማ) ርዝመት ባላት ጀልባ፣ ያለ ብዙ ሠራተኛ በሞተር ኃይል ውቅያኖስ ማቋረጥ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ልምዱንም በ1975 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። የቢቢ ዋና ትምህርት ፍጥነትን መተው ነበር። ውሃውን እየገፋ የሚሄድ፣ በላዩ ላይ ተንሸራትቶ የማይሄድ ቀፎ (የጀልባው አካል) ያለው ጀልባ ከውሃ መስመሩ ርዝመት የሚመነጭ የፍጥነት ጣሪያ ስላለው፣ 12 ሜትር የውሃ መስመር ያለው ጀልባ በ8.4 ኖት ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 15.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ በላይ ለመሄድ የሚሻ ሰው ጥቂት ፍጥነት ለመጨመር የሞተሩን ኃይልና የናፍታውን ፍጆታ ብዙ እጥፍ ማሳደግ ይኖርበታል። ረጅም ርቀት ለመጓዝ የሚያስቡ ባለትዳሮች ዝግተኛውን ጀልባ የሚመርጡት ከትዕግሥት ይልቅ በዚህ የነዳጅ ሒሳብ ምክንያት ነው።

ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሌሊትና ቀን ሲጓዙ ተራ ገብተው ይጠብቃሉ፤ አንዱ ሦስት ወይም አራት ሰዓት መሪውን ሲይዝ ሌላው ይተኛል። የሥራ ክፍፍሉ ብዙውን ጊዜ በልማድ ይረጋል፤ አንደኛው ሞተሩን፣ ሌላኛው ስንቁንና የጉዞ ካርታውን ይይዛል። ስለ ደኅንነት የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ልማድ አጥብቀው ይነቅፋሉ፤ ምክንያቱም ጀልባውን ሁልጊዜ የሚነዳው ሰው ከመርከቧ ቢወድቅ ወይም ቢታመም፣ ሌላው ሞተር ማቆም፣ ጀልባ ማዞርና በሬዲዮ እርዳታ መጥራት ካላወቀ ሁለቱም ያሉት በአደጋ ላይ ነው። ነቀፌታው ትክክል ነው፤ ባለቤቶች ግን እንደ ምክሩ የሚያደርጉት እምብዛም ነው። በባሕር ላይ መርከቦች እንዳይጋጩ የሚተላለፉበት ሥርዓት በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ የተወሰነ ሲሆን፣ ትልቁም ትንሹም ጀልባ በዚሁ ይገዛል።

የጥገናው ሥራ

የሞተር ጀልባ ኑሮ ከሩቅ ሲታይ የሽርሽር ኑሮ ቢመስልም በመሠረቱ የጥገና ኑሮ ነው። ባለቤቶች በተለምዶ በዓመት የጀልባውን ዋጋ 10 ከመቶ ያህል ለጥገና፣ ለመቆሚያና ለመድን ይይዛሉ፤ ግምቱ ሻካራ ነው፣ ለአሮጌ ጀልባ እንዲያውም አይበቃም።

ይህን ሥራ በጉራጌ ከተሞች በወልቂጤና በቡታጅራ ላለ አንባቢ ለመግለጥ ቀላሉ መንገድ በሁለቱ ከተሞች ጋራዥ ከሚታወቀው ሥራ መነሳት ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቡታጅራም ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪና የሚያልፍባቸው ከተሞች ናቸው። አብዛኞቹ መካከለኛ የጀልባ ናፍታ ሞተሮች ለጭነት መኪና፣ ለትራክተር ወይም ለጄኔሬተር የተሠሩ ሞተሮች ለውሃ እንዲስማሙ ተለውጠው የቀረቡ በመሆናቸው፣ የኢሱዙ ወይም የሌላ ጭነት መኪና ሞተር ፈትቶ የገጠመ መካኒክ የጀልባ ሞተር ክዳን ቢከፈትለት አብዛኛውን ያውቀዋል። ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖና የናፍታ ፖምፓ ሁሉም እዚያው ናቸው፤ ያልተገኘውም ክፍል በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ወይም በቶርኖ ቤት ሊፈለግ ይችላል።

እንግዳ የሚሆንበት ማቀዝቀዣው ነው። መኪና ሙቀቱን በራዲያተር በኩል ለአየር ሲሰጥ፣ ጀልባ ግን ከተንሳፈፈበት ሐይቅ ወይም ባሕር ውሃ ይስባል፤ ውሃው በሞተሩ ውስጥ ከሚዘዋወረው የታሸገ ውሃ ጎን በቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ ሙቀቱን ከወሰደ በኋላ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህን ውሃ የሚስበው ፖምፓ በውስጡ የጎማ ክንፎች ያሉት መዘውር አለው፤ ክንፎቹ ለጥቂት ጊዜ ያለ ውሃ ከተሽከረከሩ ተቆራርጠው ይወድቃሉ፣ ጭሱን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሲቋረጥ ደግሞ የጎማ ጭስ ማውጫው ይቃጠላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤት ሞተር ባስነሳ ቁጥር ከጭስ ማውጫው ውሃ መውጣቱን ያያል፣ የጎማውንም መዘውር ሳይሰበር በየዓመቱ ገደማ ይቀይረዋል።

ሁለተኛው ልዩነት ከሞተሩ ወደ ገፊው (ፕሮፔለር) የሚሄደው ዘንግ ነው። ዘንጉ ከውሃ መስመር በታች ቀፎውን ቀዶ ስለሚወጣ በዙሪያው በቅባት የተነከረ ገመድ ይታሸግበታል፤ በዚህ ነባር አሠራር ማሸጊያው በጉዞ ጊዜ በደቂቃ ጥቂት ጠብታ እንዲያንጠባጥብ ሆን ተብሎ ይላላል፣ ጠብታው ዘንጉን ስለሚያቀዘቅዘው ነው። የመኪና መካኒክ ማንጠባጠብን ሁሉ እንደ ብልሽት ማየት ስለለመደ፣ ማሸጊያውን አጥብቆ ዘንጉን ሊያቃጥል ይችላል። የተንጠባጠበው ውሃ በጀልባው ወለል ሥር ባለው ጎድጓዳ ይጠራቀምና በኤሌክትሪክ ፖምፓ ይወጣል። ይኸው ጎድጓዳ የቤንዚን ትነትና የቡታ ጋዝም ማረፊያ ነው፤ ሁለቱም ከአየር ስለሚከብዱ ወደ ታች ወርደው ይጠራቀማሉ፣ አንዲት የሞተሪኖ ብልጭታም ልታፈነዳቸው ትችላለች። ናፍታ በሞተር ጀልባ ባለቤቶች ዘንድ ተመራጭ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው የብረት መበላት ነው። የተለያዩ ብረቶች በአንድ ውሃ ውስጥ ተገናኝተው ሲቀመጡ በመካከላቸው ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠርና ደካማው ብረት እየሟሟ ይሄዳል፤ ገፊውና ዘንጉ እንዳይበሉ ሲባል ቀድሞ እንዲያልቅ የታሰበ ሌላ ብረት ይታሰርባቸዋል። በጨው ባሕር ይህ መሥዋዕት ብረት ዚንክ ሲሆን ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ግን ዚንክ በቂ ሥራ ስለማይሠራ ማግኒዚየም ይመረጣል። ለባሕር የተሠራ ጀልባ ሐይቅ ላይ ሲውል ይህ ለውጥ በብዛት ይዘነጋል። የፋይበር ግላስ ቀፎም በሐይቅ ውሃ ከጨው ውሃ ይልቅ በቀላሉ ውሃ ይመጥና ቆዳው ያብጣል፤ ጀልባውን በየጊዜው ወደ የብስ ማውጣትና ማድረቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ሐይቆች

የኢትዮጵያ ሐይቆች ለሞተር የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ችግር ከፍታ ነው። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር፣ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ አየር በግፊት የማይሞላለት ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 ከመቶ ያህል ኃይል ስለሚያጣ፣ ለባሕር ወለል የተመጠነ ገፊ እዚህ ሞተሩን ያስጨንቀዋል፣ ጭሱንም ያጠቁራል። መፍትሔው አነስ ያለ ጥምዘዛ ያለው ገፊ መግጠም ነው። ሁለተኛው የሐይቆቹ ጥልቀት ማነስ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነፋስ የሚያስነሳው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ በመሆኑ ትንሽ ጀልባን ከረጅም የባሕር ሞገድ ይበልጥ ያንገላታል።

በጣና ላይ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ከጥንት ጀምሮ የገዳማትና የገበያ መጓጓዣ ነበር፤ የሞተር መርከብ የተስፋፋው ጣልያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን ነው፣ ጎርጎራም ያኔ የሐይቁ ወደብ ሆናለች። ለሐይቁ የሚሆን ትልቅ ዕቃ እዚህ ለማድረስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው መርከብ አሳይታለች፤ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና በተራራና በከተማ መካከል ረጅም ጉዞ አድርጋ ነው ባሕር ዳር የደረሰችው። ከ4 ሜትር በላይ ስፋት ያለው የመኖሪያ ጀልባ ለማስገባት የሚያስብ ሰውንም ይኸው የሎቤድ፣ የመንገድና የድልድይ ጣጣ ይጠብቀዋል። በተጨማሪ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና የታየው እምቦጭ የተባለ የውሃ አረም በሰሜናዊና በምሥራቃዊ ዳርቻ ገፊን እየተበተበና የማቀዝቀዣ መሳቢያን እየደፈነ የጀልባ ባለቤቶችን አስቸግሯል።

በሕግ በኩል መሠረቱ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕግ ሲሆን፣ የመርከብን ምዝገባ፣ ባለቤትነትና መያዣ ይደነግጋል። ለባልና ሚስት ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ሀብት የጋራ እንደሆነ ይገምታል፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

ከጉራጌ ከተሞች ሲታይ

ወልቂጤ ለጊቤ ወንዝ ቅርብ ብትሆንም ወንዙ ለሞተር ጀልባ አልተፈጠረም። ጊቤ በገደል መካከል በፏፏቴና በድንጋይ ላይ እየተወረወረ ኦሞ ሆኖ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ኦሞን በአየር በተሞላ የጎማ ጀልባ የወረዱት አሜሪካውያን ቀዛፊዎችም የተማመኑት በመቅዘፊያና በወንዙ ጉልበት ነው። ከወልቂጤ አቅራቢያ ያለው የጊቤ ሸለቆ ዛሬም ጉማሬ የሚታይበት ነው፤ ጉማሬ ለትንሽ ጀልባ ከአለት ያላነሰ አደጋ ነው።

የቡታጅራ ሁኔታ ይለያል። በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለው የዝዋይ ሐይቅ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲና እና ገሊላ የተባሉ አምስት ደሴቶች አሉት፤ በደሴቶቹ የኖሩት የዛይ ሕዝብ ቋንቋ ከስልጤና ከወለኔ ጋር በአንድ የሴማዊ ቋንቋዎች ንዑስ ምድብ ይመደባል። በቱሉ ጉዶ ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም ታቦተ ጽዮን በንግሥት ዮዲት (ጉዲት) ዘመን ተሸሽጋበት እንደነበር በትውፊት ይነገራል፤ የገዳሙ መጻሕፍትም ሆኑ የደሴቲቱ ነዋሪዎች እህል ከየብስ የሚደርሱት በውሃ ብቻ ነበር። በሐይቁ ዳር በምትገኘው በባቱ ከተማ ዳርቻ ዛሬ ወደ ደሴቶቹ የሚያደርሱ የሞተር ጀልባዎች ይገኛሉ። ይህም ባልና ሚስት በአንድ ጀልባ ላይ ከሚኖሩበት ሕይወት የራቀ ነው፤ በጉራጌ የተለመደው የባለትዳር ሥራ ክፍፍል ራሱ በተቃራኒው ርቀትን መሠረት ያደረገ ነው፣ ባል በአዲስ አበባ ሲነግድ ሚስት እንሰቱንና ቤቱን ትይዛለች፣ በመስቀልም ቤተሰብ ይገናኛል። አብረው በ15 ሜትር ርዝመት ውስጥ ዓመት ከዓመት መኖር ለዚህ ልማድ እንግዳ ነው።

ሐይቁን ከጉራጌ ጋር የሚያስተሳስረው ደግሞ ውሃው ነው። ወደ ዝዋይ ከሚገቡት ሁለት ዋና ወንዞች አንዱ የሆነው መቂ ከቡታጅራ በላይ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከሚደርሱት የጉራጌ ተራሮች ይነሳል፤ ሌላው ከታር ከአርሲ በኩል ይመጣል፣ ትርፉም በቡልቡላ በኩል ወደ አብጃታ ይፈሳል። መቂ በክረምት የሚያወርደው አፈር በሐይቁ መግቢያ ይዘቅጣል፣ አማካይ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ለሆነ ሐይቅ ይህ ቀላል አይደለም፤ ደለል የመሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ የጎማ መዘውሩንም እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። በተራራው ላይ የሚሠራ የእርከንና የችግኝ ሥራ ስለዚህ በባቱ ዳርቻ የሚቆሙትን ጀልባዎች ጥገናም ይነካል። የሞተር ጀልባን አሠራር በዓይኑ ማየት የሚፈልግ የቡታጅራ ነዋሪ ከባቱ የተሻለ ቅርብ ቦታ የለውም፤ ከወልቂጤ የሚነሳ ሰውም በቡታጅራ በኩል ቢሻገር ወደዚያው ይደርሳል።